«ፎርማት አድርገው» ከማለታችን በፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ቴክኒካል ብቻ ይመስላል። ጉዳዩ በዩኒክስ ወይም በሊኑክስ ሲስተም ላይ አስተዳዳሪው፣ ማለትም ሩት የምንለው አካውንት፣ አልገባ ሲል ምን ይደረግ የሚል ነው። እኔ ግን ጉዳዩ የማሽን ብቻ ሳይሆን የሰውም ሆኖ ስላገኘሁት በዚህ መጽሔት ላይ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ኮምፒውተር የለመድነው በዊንዶውስ ነው። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት! ማሽኑ ዘገየ፣ ፎርማት! ፓስወርድ ተረሳ፣ አሁንም ፎርማት! በግል ላፕቶፕ ላይ ይህን ብናደርግ ቢበዛ ፊልምና ዘፈን ይጠፋብናል። ሰርቨር ላይ ግን ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሩት አልገባም ማለት ሰርቨሩ ሞተ ማለት አይደለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ፎርማት ማድረግም ጥገና ሊባል አይችልም። ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ፓስወርዱ ምንድን ነው?» ሳይሆን «መጨረሻ ላይ ምን ተነካ? ማንስ ነካው?» የሚለው ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው

ለኢንተርንሽፕ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ነበረው። ሠራተኞች ከየጠረጴዛቸው በኤስኤስኤች እየገቡ የቆዩ የወረቀት መዝገቦችን ወደ ሰርቨሩ ይገለብጣሉ። ከገልባጮቹ አንዷ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀለሙ የደበዘዘውን መዝገብ በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተሉ ሲጽፉ ኖረዋል። ጠዋት ሲያገኙኝ ገና ሰላም ሳልላቸው «የኔ ልጅ፣ ቁርስ በልተሃል?» ነበር የሚሉኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሲስተሙ ኃላፊ ጠሩኝና «እስቲ የ34ቱን አዳዲስ ሠራተኞች ሙሉ ስምና የሥራ ክፍል አካውንታቸው ላይ ሙላልኝ» ብለው የሩት ፓስወርድ ሰጡኝ። አካውንቶቹ ተከፍተው አልቀዋል፤ የቀረው ስም መሙላት ብቻ ነው። እኔም አንድ በአንድ በትእዛዝ ከምሞላ ብዬ አቋራጭ ፈለግኩ። «ኢቲሲ» በሚባለው ዳይሬክተሪ ውስጥ ያለውን «ፓስወድ» የተባለ ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ወደ አንድ የዊንዶውስ 7 ማሽን ወሰድኩት። በኖትፓድ ስከፍተው ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ላይ ተጨማምቆ ታየኝ። በወርድፓድ ስከፍተው ግን መስመር መስመሩን ይዞ መጣ። ደስ አለኝ። ስሞቹን ሞላሁ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ፋይሉን መልሼ ቦታው ላይ ገለበጥኩና ከሩት ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ማንም ሰው መግባት አልቻለም። ከጠረጴዛው በኤስኤስኤች የሚሞክረው ሁሉ ፓስወርዱን በትክክል እያስገባ «ፈቃድ የለህም» ይባላል። ኃላፊው ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ገብተው በራሱ ስክሪን ላይ ሩት ብለው ሞከሩ። ፓስወርዱን ካስገቡ በኋላ አንድ መስመር ጽሑፍ ብልጭ ይልና ስክሪኑ ተመልሶ ስም ይጠይቃል። ካፕስ ሎክ ታየ። ኪቦርድ ተቀየረ። ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ ለሄደው ለቀድሞው ባለሙያ ተደወለ። የነበሩት ፓስወርዶች ሁሉ ተሞከሩ። በዚህ መሃል ከላይ በየአሥር ደቂቃው ስልክ ይደወላል። በመጨረሻም «ሰው ፓስወርዱን ቀይሮታል፤ ተጠልፈናል» ተባለ። ከምሳ በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ፎርማት ይደረግ። ባክአፕ አለ ተብሎ ነበር። ባክአፑ ሲከፈት ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሥራ ብቻ የያዘ ሆኖ ተገኘ። የአምስት ወር ሥራ ሄደ።

«አንተስ ምን አልክ?» ትሉኝ ይሆናል። ምንም አላልኩም። ሐሙስ ምን ሠራህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንደኛ፣ ስም መሙላትና ፓስወርድ ምን አገናኛቸው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን የኢንተርንሽፕ ውጤቴን ፈርቼ ነው። ሰኞ ጠዋት እትዬ የመጀመሪያውን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደው እንደገና ከአንደኛው ገጽ ጀመሩ። ፊቴ መጥቆሩን አይተው ነው መሰለኝ «ምን ይደረጋል የኔ ልጅ፣ ማሽን ነው» አሉኝ። ማሽን አልነበረም።

ለካ ምን ሆኖ ነው?

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ እረፍት ስለነሳኝ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ያንኑ ሥራ ደገምኩት። ያው ችግር ቁጭ አለ። ለማታውቁት ላስረዳ።

ያ «ፓስወድ» የተባለው ፋይል ስሙ ያሳስታል እንጂ ፓስወርድ የለበትም። ፓስወርዶቹ ተመስጥረው የሚቀመጡት ሩት ብቻ በሚያነበው «ሻዶው» በተባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። በፓስወድ ፋይል ላይ እያንዳንዱ አካውንት አንድ መስመር አለው። መስመሩ በኮሎን ምልክት ሰባት ቦታ ይከፈላል፦ የመግቢያ ስም፣ የፓስወርድ ቦታ ያዥ፣ የተጠቃሚው ቁጥር፣ የግሩፑ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ዳይሬክተሪ፣ በመጨረሻም ሼል። እኔ የነካሁት አምስተኛውን ነው። የተበላሸው ሰባተኛው ነው።

እንዴት? በድሮ የጽሕፈት መኪና ስንጽፍ መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ ነበር፤ ጋሪውን ወደ መጀመሪያው መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ ማዞር። ኮምፒውተርም እነዚህን ሁለት ሥራዎች በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ወርሷቸዋል። ጋሪ መመለሻው 13 ቁጥር፣ መስመር ማዞሪያው 10 ቁጥር ነው። ዩኒክስ መስመር ሲያልቅ የሚጽፈው 10ን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ግን በልማዱ ሁለቱንም ይጽፋል። ወርድፓድ ሴቭ ሲያደርግልኝ በየመስመሩ ጫፍ 13ን ጨመረበት። ሊኑክስ ደግሞ መስመሩ የሚያልቀው 10 ላይ ነው ብሎ ስለሚያምን ያችን 13 የሼሉ ስም አካል አድርጎ አነበባት። ሼሉ «ባሽ» መሆኑ ቀርቶ «ባሽ እና አንድ የማይታይ ምልክት» ሆነ። እንዲህ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ በዲስኩ ላይ የለም።

ስለዚህ ፓስወርዱ ትክክል ነበር። በሰርቨሩ ስክሪን ላይ ሲሞከር ሲስተሙ ፓስወርዱን ተቀብሎ ሼሉን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ብልጭ ያለችው መስመር ይህንኑ ስትናገር ነበር። ኤስኤስኤች ደግሞ ሼሉ የሌለን ተጠቃሚ ከመጀመሪያው እንዳልተፈቀደለት ይቆጥረዋል፤ የፈለገውን ፓስወርድ ቢያስገባ ይከለክለዋል። ምክንያቱን ለተጠቃሚው አይነግረውም፤ ሎግ ላይ ግን «ሼሉ ስለሌለ አልተፈቀደለትም» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ያን ቀን ሎጉን ያነበበ ሰው አልነበረም። ኋላ ደግሞ ሎጉም አብሮ ፎርማት ተደረገ።

የሚያናድደው ጥገናው አሥር ደቂቃ የማይፈጅ መሆኑ ነው። ማሽኑን አስነስቶ በግረብ ሜኑ ላይ ኬርነሉ መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም ባሽ እንዲሆን ማዘዝ፣ ዲስኩን ለመጻፍ በሚያስችል መልኩ እንደገና ማውንት ማድረግ፣ ከዚያ 13 ቁጥርን ከፋይሉ ማጥፋት። በቃ። ከዚህም የቀለለ መንገድ ነበረ። አካውንት የሚከፍቱት ትእዛዞች ፋይሉን ከመለወጣቸው በፊት የቀድሞውን ቅጂ በስሙ መጨረሻ ላይ ሰረዝ ጨምረው እዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ ያስቀምጡታል። ያንን መመለስ ይበቃ ነበር። ቢያጎድል በመጨረሻ የተከፈተውን አንድ አካውንት ነው። የአምስት ወር ሥራ ከአንድ አካውንት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሩት አልገባ ሲል ምን እንጠይቅ?

ዩኒክስ በ1969 በቤል ላብስ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ከተጀመረ ጀምሮ ብዙ ነገሩ ተለውጧል። ያልተለወጠው ግን የአስተዳዳሪው ምንነት ነው። ኬርነሉ «ሩት» የሚለውን ስም አያውቀውም፤ የሚያውቀው ተጠቃሚ ቁጥር 0ን ነው። በፍሪቢኤስዲ ላይ «ቱር» የሚባል፣ ሩት የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደሉ ተገልብጦ የተጻፈ ሁለተኛ አካውንት አለ። የእሱም ቁጥር 0 ነው። የሩትን ሼል መነካካት አደገኛ ስለሆነ ሌላ ሼል የወደደ አስተዳዳሪ በዚያ ይጠቀም ተብሎ የተቀመጠ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሩት ሼል ተነክቶ በሩ የተዘጋበት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም ማለት ነው።

መግባት የአንድ ጊዜ ነገር አይደለም። ተራ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «የተከለከልኩት የት ላይ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

በኔትወርክ ብቻ ከሆነ የተከለከልነው፣ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ኦፕንኤስኤስኤች ከ2015ቱ 7.0 ቨርዥን ወዲህ፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር፣ ሩት በፓስወርድ እንዲገባ አይፈቅድም፤ በቁልፍ ፋይል ብቻ ነው። በኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሩት ሲጀመርም በፓስወርድ እንዳይገባ የተቆለፈ ነው፤ ሥራው የሚሠራው በራስ ፓስወርድ በ«ሱዱ» ነው። ስንቶቻችን ነን ኡቡንቱ ጭነን፣ «ሱ» ብለን የራሳችንን ፓስወርድ እያስገባን ግማሽ ቀን ያቃጠልነው? ከዚያም «ይሄ ሊኑክስ ብልሽት አለበት» ብለን እንደገና የጫንነው?

ፓስወርዱ በማሽኑ ስክሪን ላይም እምቢ ካለ፣ ኪቦርዱን እንጠርጥር። ካፕስ ሎክን ሁላችንም እናውቃለን። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኪቦርድ አቀማመጥ ልዩነት ግን ብዙ ሰው ያታልላል። በአንደኛው «አት» የሚለው ምልክት ያለበት ቦታ ላይ በሌላው የጥቅስ ምልክት ነው ያለው። ፓስወርድ ሲጻፍ ደግሞ ምንም ስለማይታይ ስህተቱ አይታወቅም። መላው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያችን ምልክት ብቻ ጽፎ ማየት ነው። አደራ፣ ሙሉ ፓስወርዱን እዚያ እንዳትጽፉት! ያልተሳካ የመግቢያ ስም ሎግ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። በዘፈቀደ ደጋግሞ መሞከርም ጉዳት አለው። ሲስተሙ ሩትንም እንዲጨምር ሆኖ ከተዋቀረ ከጥቂት ስህተት በኋላ አካውንቱን ለጊዜው ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ትክክለኛውም ፓስወርድ አይሠራም።

ፓስወርዱን ተቀብሎ ከሆነ ያባረረን፣ ስለ ፓስወርድ ማሰብ እናቁም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው ያለው፦ ሼሉ፣ የቤት ዳይሬክተሪው፣ ሲገባ የሚነበቡት የማዋቀሪያ ፋይሎች፣ ወይም የሞላ ዲስክ። የዲስኩን ነገር ካነሳን፣ ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሲፈጠር፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ 5 በመቶውን ለሩት ይዞ ያስቀራል። ሌላው ሰው ዲስኩን ቢሞላው እንኳ አስተዳዳሪው ገብቶ እንዲያጸዳ ታስቦ ነው።

በግረብ በኩል ገብተን ፓስወርድ ልንቀይር ስንል «ፓስወድ» የተባለው ትእዛዝ ግራ የሚያጋባ የስህተት መልእክት ከሰጠን፣ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ማውንት ስለሆነ ነው። ኤስኢሊኑክስ ባለባቸው እንደ ሬድ ሃት ባሉ ሲስተሞች ላይ ደግሞ ከዚህ ጥገና በኋላ የፋይሎቹ መለያ እንደገና እንዲለጠፍ ካላዘዝን፣ አዲሱን ፓስወርድ ይዘን ተመልሰን ደጅ ልንቀር እንችላለን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አትርሱ። ስክሪኑ ሆን ብሎ ነው የማይነግረን። ስሙ ባይኖርም፣ ፓስወርዱ ቢሳሳትም አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጠው ለሰርጎ ገብ ፍንጭ ላለመስጠት ነው። እውነቱ ያለው ሎግ ላይ ነው፤ በሬድ ሃት ዘመዶች «ሴክዩር»፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ኦውዝ» በሚባለው የሎግ ፋይል፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ በሲስተምዲ ጆርናል ውስጥ። ሩት ባይገባም ሎጉን ማንበብ ይቻላል። ዲስኩ ካልተመሰጠረ በስተቀር ማሽኑን በፍላሽ ላይ ባለ ሊኑክስ አስነስቶ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጎ መክፈት ነው። እዚያው ላይ እያሉ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማውጣትም ይቻላል። ከዚያ በኋላ የግድ ፎርማት ካስፈለገም ይደረግ፤ ቢያንስ የሰው ሥራ አይጠፋም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ሐሳቤን ለጓደኞቼ ሳካፍላቸው ሁለት ተቃውሞ ገጥሞኛል። የመጀመሪያው «ሥራ ቆሞ፣ አለቃ እየጮኸ ማን ሎግ ያነባል? ፎርማት እኮ ፈጣን ነው» የሚል ነው። ጫናው እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ሲስተሙን እንደገና መጫን፣ አካውንቶቹን መክፈት፣ ፕሮግራሙን መመለስ ያን ዓርብ ሙሉ ከሰዓት ወስዶ ቅዳሜንም ጨምሯል። ከዚያ በላይ ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለቀረ፣ እኔ በማግስቱ ያንኑ ፋይል በዚያው በወርድፓድ ከፍቼ ያንኑ ስህተት ልደግመው እችል ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ የፈሰሰውን አልለቀሙትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ያለ ፓስወርድ ሩት ሆኖ መግባትን ለተማሪ ማስተማር ሌብነት ማስተማር ነው» ይባላል። ይህን አልቀበልም። ማሽኑን በእጁ የነካ ሰው ሊገባበት መቻሉ እኛ ስላልተማርነው የሚቀር ነገር አይደለም። እንዲያውም ይህን ያወቀ ባለሙያ ነው የሰርቨር ክፍሉን የሚቆልፈው፣ ግረብ ላይ ፓስወርድ የሚያደርገው፣ ዲስኩን የሚያመሰጥረው። ያላወቀ ግን ክፍሉን ለሻይ ሲወጣ ክፍት ትቶት ይሄዳል። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ መግባት ጥፋት መሆኑን አብሮ ማስተማር ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለዲፓርትመንታችን አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተምና የሲስተም አስተዳደር ላብ ላይ የምንማረው የሚሠራን ሲስተም ማዘዝ ብቻ ነው። የተበላሸ እንስጠን! መምህሩ በቨርቹዋል ማሽን ላይ የሩትን ሼል ያበላሽ፣ ዲስኩን ይሙላ፣ የፓስወድ ፋይሉ ላይ 13 ቁጥርን ይጨምር። ተማሪው ምክንያቱን አግኝቶ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ማርኩም ለጥገናው ብቻ ሳይሆን ለምርመራውም ይሁን። ቨርቹዋል ማሽን ቢበላሽ አንድም ሰው አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ በላባችን ሰርቨሮች ላይ የሩት ፓስወርድ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በጆሮ መተላለፉ ይቅር። እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ስም ገብቶ በሱዱ ይሥራ፤ ሱዱ ማን ምን እንዳዘዘ ይመዘግባል። የሩት ፓስወርድ ደግሞ በታሸገ ፖስታ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የመግቢያ ፋይሎችን የሚነካ ሰው ለዚያው በተሠራው መሣሪያ ይንካ። እኔ ስም ለመሙላት «ዩዘርሞድ» የሚለውን ትእዛዝ ብጠቀም ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሱዱን ፋይል የግድ በእጅ ማረም ካስፈለገም ስህተት ሲያገኝ የሚያስጠነቅቀው «ቪሱዱ» አለ። ማናችንም ብንሆን ከእንዲህ ዓይነት ለውጥ በኋላ በሌላ መስኮት ገብተን መሥራቱን ሳናረጋግጥ የተከፈተውን የሩት መስኮት አንዝጋ። እኔ ያን ሐሙስ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ለመግባት ብሞክር ኖሮ ወደ ኋላ መመለሻው በእጄ ነበር።

አራተኛውና ዋናው፣ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ጎን አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን ነካ። ደብተሩ ግን ጥፋተኛ መፈለጊያ ከሆነ ማንም አይጽፍበትም። ስለዚህ ስህተቱን ራሱ የተናገረ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በመናገሩ እንደማይቀጣ ዲፓርትመንቱ በግልጽ ይወስን። ሎግ ማሽኑ ያየውን ይነግረናል። ሐሙስ ከሰዓት ማን ምን አስቦ ምን እንደሠራ ግን የሚናገረው ሰው ነው።

ምክንያቱን በቨርቹዋል ማሽን ላይ ካገኘሁ በኋላ ለኃላፊው ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ያን ቀን ብጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?» አሉኝ። «አላውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነው። «እኔም አለመጠየቄ ልክ አልነበረም» አሉ። እትዬ መዝገቡን እንደገና ግማሽ ማድረሳቸውን የሰማሁት ከሳቸው ነው። በማግስቱ ለእትዬም ደወልኩና ማሽኑ ሳይሆን እኔ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። «እንኳን ነገርከኝ፤ ማሽኑን ሳማው ከርሜያለሁ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አላሳቀኝም።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ከነገ ወዲያ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ የሩት ፓስወርድ የሚሰጠን እኛው ነን። ሩት አልገባ ያለ ቀን «ፎርማት አድርገው» የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ቢያንስ አንዳችን «ቆይ፣ መጀመሪያ ሎጉን እንይ» እንበል። ሐሙስ ፋይሉን የነካው ሰውም ከመካከላችን ከሆነ እጁን ያውጣ።

ሰላም ሁኑ!